ጸሐፊው

እኛ ሚኒስትር ያልነው፣ እነሱ ዘንድ ሲሾም፣
ጸሐፊ ይባላል፤ ሌላ ስም የለውም።

ሌማን ታድሎክ ይህን ማዕረግ ሲቀበል
አርባ ሦስት ዓመቱ፤ ኮቱ ላይ አቧራ፣ ኪሱ ውስጥ ፍሬ እህል።
ነብራስካ ነው ያደገው፣ ከሐዲድ ዳር ጎተራ፤
አባቱ በሚዛን ሲውል ከገበሬ ጋራ፣
እሱ ቁጥር ያዥ ነው፣ ገና በስምንት ዓመቱ፣
እርሳስ ከጆሮው ላይ፣ ደብተር ከደረቱ።
"አንዲት ፍሬ" ይል ነበር አባቱ፣ "ብትሰርቅ ከሚዛን፣
ያቺው ፍሬ በቅላ ታንቃለች አንተን።"
ቃሉን ያዘ ልጁ። ወይም የያዘ መሰለው።
ሰው መቼም፣ የያዘውን ነው የሚጥለው።

ዋሽንግተን ሲገባ፣ በመጀመሪያው ዕለት፣
በሩን የከፈተው ኤልካና ፕሩት
ጥቁር ተላላኪ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ዘጠኝ ጸሐፊዎች ገብተው ሲወጡበት
ካፖርት ሰጥተውታል፣ ባርኔጣ፣ ዣንጥላ፤
እጅ የሰጠው የለም፣ ከታድሎክ ሌላ።

ከዚያ ወንዙ ሞላ። በአርካንሳ ሜዳ
ቤት ለቤት ገባ ውሃው፣ ያልጠሩት እንግዳ።
በአፈር ግድብ ጫፍ ላይ የተኮለኮለ ሕዝብ፣
ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጎርፍ፣ መሃሉ ረኃብ።
ታድሎክ በጀልባ መጣ። ሱሪውን ሰብስቦ
ዘለለ ከጭቃው፣ ከሰው መሃል ቀርቦ
ስም በስም ጻፈ፦ ማን በቅሎ ሞተበት፣
ማን ዘር ይፈልጋል፣ ማን ዳቦ፣ ማን መድኃኒት።

ዙላ ቤቲስ መጣች፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣
ስሟን አስመዘገበች፤ ቆመች ከዚያም ኋላ።
"ጌታዬ" አለችው፣ "ጻፈው ግድቡንም፤
ዘንድሮ አፈር ነው፤ ለከርሞ አይችልም።"
"እጽፈዋለሁ" አለ፣ እርሳሱን አርጥቦ፤
ጻፈውም በእርግጥ፣ ቃሉን በመስመር ከቦ።

ፎቶ አንሺም ነበረ።
ያ ጭቃ የነካው ሱሪ "ምረጡኝ" አላለም፤
ግን ከዚያ ሱሪ በላይ የተመረጠ የለም።

በመጋቢት ብርድ እጁን አንሥቶ ማለ፤
ጸሐፊነት ቀረ፤ ፕሬዚዳንት ተባለ።
ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን እያወለቀ፣
ፕሩት ለሚስቱ ለኦፋ እንዲህ አለ፦
የሚጽፍ እጅ ነበረው ሰውየው፤
ዛሬ የሚፈርም እጅ አበጁለት።

መፈረም ሌላ ነው። የሚጽፍ ያነባል፤
ለሚፈርም ሰው ግን ወረቀት ይገለበጥለታል።

በሁለተኛው ዓመት ገበያው ተናደ፤
በቆሎ ከከሰል ረክሶ ምድጃ ውስጥ ነደደ።
አባቱ ዕድሜውን የፈጀባት ያቺ የብረት ሚዛን
ለቁርጥራጭ ተሸጠች፤ ማን ይመዝን ማንን?

ዙላ ቤቲስ ጻፈች። አድራሻው የድሮው፦
"ለጸሐፊው ታድሎክ፣ ስሜን ለመዘገበው።
ግድቡ ላብ ጀምሯል፤ ከስሩ ይረጥባል።
ያን ቀን የከበብከው መስመር የት ደርሷል?"
ደብዳቤው እርሻ ቢሮ መጣ። ፕሩት በበረዶ
ነጩ ቤት አደረሰው፣ በእግሩ ወርዶ።
አንድ ልጅ እግር ጸሐፊ፣ ታይፕ የሚመታ፣
"ይታያል" አለው፣ ቀና ሳይል ላንዳፍታ።
ሁለተኛውም መጣ። "ይታያል" ነው መልሱ።
ሦስተኛው ግን
በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ነበር፤
ዙላ አልነበረችም። ግድቡም አልነበር።
ፕሩት ይህንን ለማንም አላደረሰ።

አራት ዓመት ሲሞላ፣ ሕዝቡ በወረቀት
ያወጣውን ሰው በወረቀት አወረደው ከወንበሩ።
ባቡር ጣቢያ፣ ጠዋት። ሸኚው ጥቂት ነው።
ሚስቱ የወፍ ቤት ታቅፋለች፤ ወፉ ዝም ብሏል።
ታድሎክ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ፕሩትን ቢያየው፣
"እዚያ አርካንሳ" አለው፣ "ግድቡን ሠሩት?"
ፕሩት ፖስታዋን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ቆሞ አነበበ። ሁለቴ። በጣቱ መስመር እየተከተለ፣
ልክ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ፣ እንደ ቁጥር ያዡ።
ከዚያ አጥፎ መለሰው፣ ወዲያው ግን መልሶ ተቀበለው፣
ኪሱም ከተተው።

ያኔ በገባ ቀን እጅ ሰጥቶት ነበር፣ ከሰው ሁሉ በፊት፤
አሁን እጅ ሰጠ፣ ባቡሩ ሲያፏጭ፣ በዚያው ጠዋት።